ነፋሱን አይቶ መኪናውን ስላቆመው ባለቤቴ፣ ለተከበሩ የእሳት አደጋ ኃላፊ

ለተከበሩ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ፣ በተለይም ሳንባዎ፣ እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ባለፈው ሳምንት ከውኃ ማጣሪያው ግቢ ክሎሪን ባፈተለከ ጊዜ ቀድሞ የደረሰው ቡድን መሪ ሚስት ነኝ። ባለቤቴ በፍርሃት አደጋውን ከሩቅ ቆሞ በማየት ተከሶ ሰኞ ጠዋት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንዲቀርብ፣ ካልሆነ ከሥራው እንደሚሰናበት የጻፉት ደብዳቤ በእጄ ገብቷል፤ ማኅተሙ እንዴት ያምራል! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ ሰው ጥፋቱ በአንድ ገጽ አያልቅምና የቀረውን እኔው ልሙላልዎ።

፩ኛ፦ መኪናውን በሩ ላይ እንደመገተር፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይቶ በነፋሱ መምጫ በኩል ዳገቱ ላይ አቁሟል። እንዲህ አድርጉ ያለው እርስዎ የመረቁት ሥልጠና ነው፤ የምስክር ወረቀቱንም የፈረሙት እርስዎ ነዎት። የተማሩትን መሥራት ነውር መሆኑን ማን ይንገረው?

፪ኛ፦ የክሎሪኑ ሲሊንደር ላይ ያለውን የመርዝ ምልክት ቀርቦ እንደመዳሰስ ከሩቅ በመነጽር አንብቧል። ቢጫ ጭጋግ መሬት ለመሬት ሲሳብ፣ ወፎችም አጥሩ ሥር ረግፈው አየና፣ የግቢው ሠራተኞች በሙሉ መውጣታቸውን ቆጥሮ የቡድኑን ልጆች አላስገባም አለ።

፫ኛ፦ የበሩ ቁልፍ ተሰብሮ ስላገኘው፣ የአሸባሪ እጅ ካለበት ለመርዳት ለሚመጣው የተጠመደ ሁለተኛ ፈንጂ አይጠፋም ብሎ ፈንጂ መርማሪዎችን ጠርቷል። ፈሪ አይደል!

፬ኛ፦ እርስዎ ግን ካሜራ አስከትለው ደረሱ፤ ይህማ የበረኪና ሽታ ነው ብለው ከረባትዎን አስተካክለው ገቡ። ካሜራ ያዡ እንኳ አልተከተለዎትም፣ ብልህ ልጅ ነው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ አሥር እርምጃ ሳይሄዱ ተዘረሩ። ያን ጊዜ ባለቤቴ ሮጦ ገብቶ የራሱን ጭምብል አውልቆ ለእርስዎ አጥልቆ፣ በጫንቃው ተሸክሞ አወጣዎት። በዚያን ቀን ደንብ የጣሰው በዚህ ብቻ ነበር፤ ይህ ደግሞ ክሱ ላይ የለም። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ የሚባለው ለካ እንዲህ ኖሯል።

ለአርአያነትዎ ስለተሰጠዎት የክብር ሜዳሊያ እንኳን ደስ ያለዎት። ጊዜ ወስደው ስላነበቡልኝም፣ ክሱንም በሁለት ቅጂ ስለላኩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ዘወትር በአክብሮት ከወንበርዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
የፈሪው ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ባለቤቴ መልሱን በቃሉ እንዲሰጥ አዘዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል፤ ይመለስ አይመለስ ሐኪሙም አላወቀም፤ ስለዚህ ሰኞ የምናገርለት እኔ ነኝ። ትናንት ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ወረቀት በምልክት ጠየቀኝና አንዲት መስመር ጻፈ። ኃላፊው ተረፉ ወይ ይላል። ተርፈዋል አልኩት። ክሱን ግን ላሳየው አልቻልኩም።