«ሞቀኝ» ያልሽኝ ቀን

ውድ እማዬ፣

መሬቱ ከተረጋጋ ሁለት ወር ሆነው። ዝም ያለው አንቺን በቀበርን በሳምንቱ ነው። መንቀጥቀጡን ሊያጠኑ የመጡት ባለሙያዎችም ምክንያቱን ሳይነግሩን መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ። የባቱ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ገብቷል፤ እኔ ግን አሁንም ከነጫማዬ ነው የምተኛው።

ስኳሩ እግርሽን ካደነዘዘው ወዲህ፣ መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር አዝዬሽ የምወጣው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን አራት ጊዜ አዘልኩሽ። በአራተኛው «ተይኝ ልጄ፣ ወገብሽ ተቆረጠ» ስትዪኝ «ዝም በይ!» ብዬ ጮህኩብሽ። እውነቱን ልንገርሽ፤ እንድትድኚ የምጸልየው ላንቺ ብቻ አልነበረም፤ ለወገቤም ነበር።

ከዚያ ሜዳው ተሰንጥቆ ፍል ውሃ ወጣ። ከተማው «ጸበል ፈለቀ!» እያለ ጀሪካኑን ይዞ ጎረፈ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም በባለጋሪው በጀቤሳ ጋሪ ጭኜ ወሰድኩሽ። ጀቤሳ ልጓሙን እንደያዘ ኦሮምኛና አማርኛውን ቀላቅሎ «ዲሲ፣ ልዩ! ተይው! ፈረሴ እንኳን አልጠጣም ብሏል» አለኝ።

«ለፈረስህ ማን ጸበል አዘዘለት!» አልኩት።

እጄን ከተትኩ። ለበለበኝ። እማዬ፣ ለበለበኝ! አጠገባችን የነበሩ አንድ እናት ግን «የሚያቃጥለው በሽታውን ነው፣ ልጄ፤ እመኚ» አሉኝ። አመንኩ። ማመን ከማዘል ይቀላል። እጄን በነጠላዬ ሸፍኜ እግርሽን እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ነከርኩት።

«ተሰማሽ?» አልኩሽ።

ፊቴን አየት አደረግሽ። «ሞቀኝ፣ ልጄ። ሞቀኝ!» አልሽ።

ከስንት ወር በኋላ እግርሽ ሲሰማሽ! እልል አልኩ፤ ሴቶቹም ተቀበሉኝ። ትንሽ ልጨምር ብዬ አቆየሁሽ። ሳወጣሽ ቆዳሽ እንደ ካልሲ ወልቆ እጄ ላይ ቀረ። አንቺ አሁንም ፈገግ እንዳልሽ ነበርሽ።

ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ተኛሽ። ቁስሉ አመረቀዘ። በመጨረሻው ቀን «ልዩዬ፣ ያን ቀን ምንም አልተሰማኝም። ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው የዋሸሁሽ። ይቅር በይኝ» አልሽኝ።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አልኩሽ። የተላጠው እጄ ከብርድ ልብስሽ ሥር ነበር፤ አላሳየሁሽም። ይቅርታ ጠያቂዋ አንቺ፣ ሰጪዋ እኔ ሆነን ተለያየን።

የእጄን ጠባሳ ያየ ሰው ሲጠይቀኝ ዘይት ነው እላለሁ። ላንቺ ግን አልዋሽም። እንደሚያቃጥል አውቄ ነበር።

ልጅሽ፣
ልዩ