አባዬ የላከው ሁሉ

ይድረስ ለወንድሜ፤

የአዳማ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ሚስትህ ደህና ናት? ልጆቹስ? እኛ ጋ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ቁስቋምን ቆፈን አስይዟት ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፍልህ። ጤናዬን ከጠየቅከኝ፣ አንተ የለኮስክብኝን ንዴት ካልቆጠርነው ደህና ነኝ። እግዜር ይመስገን፤ ምስጋናው ለእሱ ነው፣ ላንተ አይደለም።

ለምን እንደማልደውልልህ ታውቀዋለህ። ስደውል ስብሰባ ላይ ነኝ ትላለህ። ኢሜል እንዳልልክልህ ደግሞ የኢሜል ነገር ሲነሳ ቆሽቴ ያርራል። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩ። ይሄን እንኳን ላዛውረው ብለህ ግማሹን አትጥለውም።

የአባዬ አርባ የወጣ ሰሞን፣ ይሄ አሮጌ ኮምፒውተር አንድ ቀን ተበላሽቶ ኢሜሎቹን ሁሉ ይዞ ይጠፋል፣ ወደ ጂሜይል እናዛውራቸው ስትል እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ልክ ነበርክ። አባዬ ትራንዚተር ሆኖ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ሲያስወጣ የጻፈውም የተጻፈለትም ሁሉ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ባለ ፕሮግራም ውስጥ ነበር የሚቀመጠው፤ ኢንተርኔት ላይ ምንም አልነበረም። ቁጭ ብለህ ስትጎረጉር ዋልክ። ኔትወርኩ እየተንቀረፈፈ ሲያስቸግርህ ግን ትዕግስትህ አለቀ። ከፈረንጆቹ 2014 በፊት ያለው የጉምሩክ ጣጣ ነው ብለህ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ብቻ እንዲያዛውር አዘዝከው። ከዚያ ኮምፒውተሩን መኪናህ ላይ ጭነህ አዲሱ ገበያ ኮምፒውተር ለሚጠግነው ለኪብሮን ለመለዋወጫ ይሁንህ ብለህ ሰጠኸው። እኔን ጠየቅከኝ? አልጠየቅከኝም።

ኧረ አንተ ሰው! የአባዬ ኮምፒውተር ቀኑ በእኛ አቆጣጠር እንደነበር እንዴት ይጠፋሃል? እዚህ ቤት አይደል እንዴ ያደግከው? አገሬ ላይ ተቀምጬ በሰው ቀን አልሠራም እያለ፣ ባስተካከሉለት ቁጥር መልሶ ወደ 2006፣ ወደ 2007 ይወስደው አልነበር? ጅቡቲ ያለው ወኪሉ ስንቴ ደውሎ አማረረ! የአባዬ መልእክት ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እየሄደ ከሌላው ሁሉ ሥር ይቀበርበት ነበር። አባዬ ደግሞ እስከ ታች ወርደህ ፈልግ እያለ ይስቅበታል።

እስቲ አሁን ቁጭ ብለህ አስላው። ሌሎች ለእሱ የጻፉለት በፈረንጆቹ ቀን ስለሆነ ተዛወረ። እሱ ራሱ የጻፈው ግን፣ ዓይኑ ደክሞ መጻፍ እስከተወበት እስከ 2013 ድረስ፣ አንድም ሳይቀር ከ2014 በታች ነው። የሰው ሁሉ ቃል መጥቶ የአባዬ ቃል ብቻ ቀረ ማለት ነው።

በዚህ ብታበቃ ባልከፋ። አንተ ግን የተዛወረውን ከፍተህ የርሆቦትን መልእክቶች አነበብክ። እህታችን አምኃን አግብታ አርባ ምንጭ ከሄደች ወዲህ በየበዓሉ የጻፈቻቸውን። ስልኳን አላነሳ ቢላት፣ አባዬ እንኳን አደረሰህ፣ አባዬ ወለድኩ፣ አባዬ ልጅቷ ቁርጥ አንተን ናት እያለች የጻፈቻቸውን። መልስ ፈልገህ ስታጣ ምን አደረግክ? ደውለህ ነገርካት! ሁሉንም ተቀብሎ አስቀምጦታል፣ መልስ ግን አንድም አልጻፈም አልካት። ምን የሚሉት አፍ ነው? ለሰው እንዲህ ይባላል? ስትጠረጥር የኖረችውን ነገር አንተ አረጋገጥክላት።

ለሙት ዓመቱ ነይ ብዬ ብደውል ያለችኝን ልንገርህ። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ያገባሽው የሸማኔ ልጅ ነው ብሎ ከቤቱ ያስወጣኝን ሰው፣ ሞተ ብዬ ደጁን አልረግጥም አለች። ከዚያ፣ አንዲት መስመር እንኳን ጽፎልኝ እንደነበር ካሳያችሁኝ ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ አለች። እኔም ያንን የቀን ነገር አስረዳኋት፤ መልሱ መልእክቶችሽ ሥር ተቀብሮ ነው ያላየሽው አልኳት። ግን የድሮው ኢሜሏ የቀድሞ መሥሪያ ቤቷ የሰጣት ነበርና ከለቀቀች ወዲህ ተዘግቷል፤ ገብታ ልታይ አትችልም። እንግዲህ የቀረን አንተ እንደ ቆሻሻ አውጥተህ የሰጠኸው ኮምፒውተር ብቻ ነው።

አዎ፣ አፌን ሞልቼ ጽፎልሻል አልኳት። አይቼዋለኋ! በበዓል ማግስት በሩን ገርበብ አድርጎ በሁለት ጣቱ ሲቀጠቅጥ። ስገባ ስክሪኑን በትከሻው ይከልልብኛል። ለማን ነው ስለው፣ ምን አገባሽ ይለኛል። ለማን ሊሆን ይችላል ታዲያ? አባዬ ግትር ነበር እንጂ ክፉ አልነበረም። አንተ ግን፣ ባንክ ቤት ወንበር ላይ ስለተቀመጥክ ሁሉን ያወቅክ የሚመስልህ፣ ራሱን ሊከላከል የማይችል ሰው ስም አጠፋህ። እርር ድብን ነው ያልኩት! ሙት ዓመቱ ደርሷል፤ ድንኳን ተከራይቻለሁ፣ ካህናቱን አነጋግሬያለሁ። አባዬ ሦስት ልጅ ወልዶ ሁለታችን ብቻ ልንቆምለት ነው።

ኪብሮን ጋ ሄጄ ለመንኩት። ሳጥኑን ሸጦታል፤ ውስጡ የነበረው ዲስክ ግን ሱቁ ውስጥ አንድ ቦታ መኖር አለበት፣ ፈልጌ እደውልልሻለሁ ብሎኛል። ይገኝ ብቻ! የአባዬን መልሶች አሳትሜ ለርሆቦት እልክላታለሁ። ላንተም እልክልሃለሁ፤ ግድግዳህ ላይ ለጥፋቸው።

ከዚህ ወዲያ ያለውን በሌላ ወረቀት ነው የጻፍኩልህ። የፊተኞቹን አጥፌ ልልክልህ ስል ኪብሮን ደወለ፤ ዲስኩ ተገኘ አለኝ። ጃንጥላ እንኳን ሳልይዝ በዚያ ጭቃ ቁልቁል ሮጥኩ። ኪብሮን ጨዋ ልጅ ነው፤ ዲስኩን የራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካው፣ ያንኑ ፕሮግራም ጫነና አባዬ የላከውን ሁሉ ከፍቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

ስለ ቀኑ ልክ ነበርኩ። 2006፣ 2007 እያለ እስከ 2013 ተደርድሯል፤ አንዱም አልጠፋም። በየበዓሉ ማግስት ሲቀጠቅጥ ያየሁትም አለ። ለደንበኞቹ ነው። እንኳን አደረሳችሁ፣ ለቤተሰብ ሰላም በሉልኝ ይላል። የጅቡቲው ወኪል ኑሪ ሴት ልጁን ሲድር ደግሞ ረዥም ነገር ጽፎለታል። ሴት ልጅን ለወግ ለማዕረግ ማብቃት ለአባት ዕድሜ ይቀጥላል፣ አማችህንም እንደ ልጅህ ያዘው ይላል። እሱን ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ የርሆቦትን ስም ጽፌ ፈለግሁ። አድራሻዋንም ጽፌ ፈለግሁ። ምናልባት ብዬ ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ወረድኩ። ለእሷ የተጻፈ አንዲት መስመር የለም። ኪብሮን አገኘሽው ወይ ሲለኝ መዶሻ አለህ ወይ አልኩት።

አሁን የምልህን አስተውለህ አንብብ። ለርሆቦት ደውልላት። የአባዬን መልሶች እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው፣ ዲስኩም ተበላሽቶ ተገኘ በላት። ብትሰድብህ ተሰደብላት፤ ብትጮህብህ ስልኩን እንዳትዘጋባት። እኔ ደግሞ፣ አንድ ቀን ስክሪኑን ሳይከልለው በፊት ያየኋት መስመር አለች፣ ነይና ልጆችሽን ልያቸው ትላለች እላታለሁ። የውሸቱን ንስሐ እኔ እገባለሁ። ዲስኩን እዚያው ኪብሮን ሱቅ በር ላይ በመዶሻ ቀጥቅጬዋለሁ። አንዴ ይበቃ ነበር፤ ግን እጄ አልቆም አለኝ። በማን ተናደሽ ነው ብለህ እንዳትጠይቀኝ። በሙት ዓመቱ ነፍስ ይማር ስል ድምፄ ቢሻክርም አትፍረድብኝ።

ቤትህን ትዳርህን እግዜር ይጠብቅልህ፤ ልጆችህን ለቁም ነገር ያብቃልህ። ሴት ልጅህን ደግሞ ይሄን አንብበህ ስትጨርስ ሄደህ ሳማት፤ ምንም አትበላት፣ ሳማት ብቻ።

ይሄን ወረቀት ቅደደው። የፊተኞቹን ግን፣ የሰደብኩህን ሁሉ እንዳለ፣ ለርሆቦት ላክላት። እንደዚያ ተናድጄ ስታየኝ ታምናለች።

እህትህ