ንፋሱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?

ሐሙስ፣ መጋቢት 12 ቀን

የዓይኔ ብርሃን ልጄ፣

ደህና ነሽ ወይ? እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ በቀር። ብርዱስ እንዴት ነው? ባለፈው በቪዲዮ ስትደውዪ ክፍልሽ ጨለማ ነበር፤ ኮፍያሽንም እስከ ቅንድብሽ ስበሽው ነበር። "ማሞቂያው ተበላሽቶ ነው፣ አምፖሉም ተቃጥሎ ነው" አልሽን። እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝና አምፖልና ማሞቂያ በአንድ ቀን ሲበላሹ መጀመሪያ የማየው ፊውዙን ነው። ይሁን ብዬ አለፍኩት። እናትሽ ግን ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ ሳህኑን ስታጥብ ቆይታ ቆይታ "ብርድ አይደለም" አለች። ሳምንቱን ሙሉ ሐሳብ ይዟት ሰነበተ።

አሁን የምነግርሽ ቅዳሜ የሆነውን ነው። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እናትሽ ፀጉር የላትም።

ይኸው ጻፍኩት። አንድም የላትም። አሁን አንቺ ባለሽበት ዕድሜ ነው በክብ በክብ እየለቀቀ ያለቀው። ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር፤ ለጤናሽ አያሰጋም፣ ተመልሶ መብቀሉን ግን እንጃ አሏት። ያ በጓደኞችሽ ፊት ስትኮሪበት ያደግሽው፣ ሰፈሩ ሁሉ "ዞማዋ" ብሎ እናትሽን የሚጠራበት ፀጉር ዊግ ነው። ሳንጋባ ነግራኛለች። "ነግሬሃለሁ፤ አታይም ግን" አለችኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። ራሰ በራ የሆነች ፀጉር ሠሪ ጋ ማን ይመጣል ብላ ስትፈራ ኖረች። እኔም ሥራዬ የሰው ቤት ማብራት ሆኖ፣ በገዛ መኝታ ቤቴ እሷ ሻሿን እስክታስር መብራት ሳጠፋ ኖርኩ። ምን ታደርጊዋለሽ፣ ቃሌን ሰጥቼ የለ!

ቅዳሜ ፀጉር ቤቷ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። አንደኛው ማድረቂያ ካስክ አልሞቅ ብሏት ጠርታኝ፣ ከጀርባው ወለሉ ላይ ተቀምጬ በካቻቢቴ እፈታታለሁ። ወንበሩ ላይ ያለችው ልጇን ልትድር ሽር ጉድ የምትል ደንበኛ ናት። በመስታወቱ ውስጥ እናትሽን እያየች፣ "በናትሽ ያንቺን ዓይነት አርጊልኝ፣ የፈጀውን ይፍጅ" አለቻት። ይህን የማትላት ሴት የለችም። ሌላ ጊዜ ትስቅና "ቅባቱ ነው" ብላ ታልፈዋለች።

ቅዳሜ አልሳቀችም። ማበጠሪያውን አስቀመጠች። እጇን ከጆሮዋ ኋላ ሰደድ አድርጋ መያዣዎቹን አላቀቀችና፣ ዊጉን አውልቃ ሴትዮዋ ጭን ላይ አኖረችላት።

"የኔን ዓይነት ከሆነ የፈለግሽው፣ ይኸውልሽ።"

ካስኮቹ ሲነፍሱ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ልጄ፣ ያየሁትን እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? ወለሉ ላይ ስለነበርኩ ከታች ወደ ላይ ነው ያየኋት። እኔው የገጠምኩት የመስታወቱ መብራት አርፎባታል። ከጆሮዋ በላይ ትንሽ ጥቁር ምልክት አለቻት፤ አላውቃትም ነበር። አንቺ ስትወለጂ አንድ ፀጉር አልነበረሽም። አዋላጇ ስታስታቅፈኝ መዳፌን የሞላው ያ ጭንቅላት፣ ያው ቅርጹ፣ ያው ከኋላ ጎላ ማለቱ፣ ፊቴ ቆሞ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያት ኖሬ ገና ያን ቀን ያየኋት መሰለኝ። እንዲህ ቆንጆ ናት ለካ! ካቻቢቴው ከእጄ ወድቆ ወንበር ሥር ሲንከባለል እንኳ አላነሳሁትም።

የሙሽራዋ እናት "ውይ በሞትኩት!" ብላ ብድግ አለች። ግራ ገብቷት ነው መሰል፣ ፎጣው አንገቷ ላይ እንዳለ፣ ዊጉን እንደ ቦርሳ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ውልቅ! አንዷ ሳቀችና ወዲያው አፏን ያዘች። እናትሽ ግን "ተረኛ ማናት?" አለች። ተረኛዋ እየፈራች መጣች፤ እንደ ወትሮው አሳምራ ሠራቻት።

ከዘጋን በኋላ ወደ ቤት መሄድ መጣ። ዊጉ የለ። ኮፍያዬን አውልቄ ሰጠኋት።

"መልሰህ አድርገው፣ ፀሐይ ነው" አለችኝ።

በዋናው መንገድ፣ በዳቦ ቤቱና በስልክ ጠጋኞቹ በኩል ሄድን። ስናልፍ ወሬ ይቋረጣል፤ ካለፍን በኋላ ሹክሹክታው ይከተለናል። ዳቦ ሻጩ እንደ ልማዱ "ዞማዋ" ሊል አፉን ከፍቶ ተወው። እኔ የማየው ሰውን ነበር። እሷ መሻገሪያው ጋ ስንደርስ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

"ንፋሱ..." አለችኝ። "ንፋሱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"አዎ፣ እንዲህ ነው" አልኳት። እንድንሻገር የቆመልን መኪና ጥሩንባውን ያንባርቃል፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ እሷ ትስቃለች።

ወሬው ቀድሞን ደርሶ ኖሮ፣ አክስትሽ እኛ ቤት መጥታ ጠበቀችን። እህቴን ታውቂያት የለ፣ ከደጅ ጀመረች።

"ኧረ ምን ነካሽ? በገዛ እጅሽ ገበያሽን ልትዘጊ? ሰው ምን ይላል?"

"ብሏል እኮ። ስንመጣ ሰምተናል።"

"ለልጅሽስ አታስቢም?"

"ለሷ ብዬ ነው" አለች እናትሽ።

አክስትሽ አልገባትም። እኔ ገባኝና ሻይ ላፈላ ተነሳሁ።

አልዋሽሽም፣ ገበያው ቀዝቅዟል። ሰኞ ወንበሮቹ ባዷቸውን ዋሉ፤ የሠርጉም ሥራ ሌላ ፀጉር ቤት ሄዷል። ትናንት ግን የሙሽራዋ እናት ዊጉን አጥባ፣ አበጥራ፣ በፌስታል ይዛ መጣች። እንዴት ይዛው እንደወጣች እሷም አታውቅም። ይቅርታ ጠይቃ ትሄዳለች ስንል የእናትሽን ራስ እያየች፣ "ልንካው?" አለቻት። እናትሽ ጎንበስ አለችላት።

ዊጉ አሁን መደርደሪያው ላይ ነው። ስታሰኛት ታደርገዋለች፣ ካላሰኛት ትተወዋለች።

ስላንቺ አንድም ነገር እንዳልጠይቅ አስምላኛለች። "የኔን ንገራት፣ የሷን ተወው" ብላ። ስለዚህ አልጠይቅሽም። ስለ አምፖሉ ግን ልጠይቅ፤ እሱ የሥራ ጉዳይ ነው። የሚጠመዘዝ ነው ወይስ የሚሰካ? ከመንካትሽ በፊት ማጥፊያውን አጥፊ፤ የምትቆሚበት ወንበር እንዳይወላገድ። እሑድ ስትደውዪ እናትሽ እንዲሁ እንዳለች መብራቱ ሥር ትቀመጣለች። ያንቺን ቀይረሽው ከሆነ እሰየው። ካልቀየርሽውም በጨለማው እናይሻለን፣ ልጃችን አይደለሽ?

የረገጥሽው መሬት ይለስልስልሽ፤ ፈጣሪ ከፊትሽ ይቅደም። እቅፍ አድርጌ ስሜሻለሁ።

አባትሽ

ይድረስሽ ብዬ ፖስታውን ልዘጋ ስል ትዝ አለኝ፦ ትናንት ስንተኛ እንደ ልማዴ መብራቱን ላጠፋ እጄን ስሰድ እናትሽ ያዘችኝ። "ተወው" አለችኝ፤ "ይብራ።"