የሐረጊቱ እጆች

እሑድ፣ ኖቬምበር 2
ጎረቤቴን ሐረጊቱን የጽዳት ሥራ ተቋራጩ፣ ካብላኑ፣ ዛሬም አባረራት። ሦስተኛ ጊዜ። ደረጃ ስታጸዳ ዓመት ሊሞላት ሲል ያሰናብታታል፤ ከወር በኋላ እንደ አዲስ ይቀጥራታል። ቋሚ እንዳትሆን ነዋ! እንዲህ ያለ ብልጠት...

ተናድጄ መሮዬን አነሳሁ። ሮቫ ዳሌት የሚሉት ሰፈር ተጥሎ ያገኘሁት የቁምሳጥን በር አለ፤ ምን የመሰለ እንጨት! እሱ ላይ የሐረጊቱ ሁለት እጆች የወለል ጨርቅ ሲጨምቁ እየቀረጽኩ ነው። ጣቶቹ ገና አልወጡልኝም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4
አተምኩት። ማተሚያ መኪና የለኝ... እንጨቱን ቀለም ቀብቼ፣ ወረቀት አልብሼ፣ በማንኪያ ጀርባ አሸት አሸት። ክንዴ ዛለ። ገልጬ ሳየው ብቻዬን ሳቅሁ። ጎበዝ ነሽ፣ የሻረግ! ማነው በስልሳ ስምንት ዓመት አበቃላት ያለው?

ሐረጊቱ ጠጋ ብላ አየችው። ከዚያ፣ "ውይ እትዬ፣ ጥፍሬን ሳይቀር አወጡት እኮ! የሥራ ጓደኞቼ በሚያጸዱት ደረጃ ሁሉ እንለጥፈዋለን። ካብላኑ ክቪኡት ሰጥቶ ቋሚ እስኪያደርገን አናነሳውም።"

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6
ኤቪያታር መጣ፤ ቴል አቪቭ ጋለሪ ያለው። ሦስት ዓመት ለምኜው ዛሬ! የልጄ እኩያ ሆኖ አንቺ ይለኛል፤ ዕብራይስጥ አንቱ የለውም።

የሐረጊቱን እጆች ሲያይ ተቀመጠ። "ሙሉ አዳራሽ እሰጥሻለሁ። የአንቺ ብቻ።" ልቤ ልትወጣ ደረሰች። "ግን ሠላሳ ብቻ ታትሚያለሽ። ቁጥር ጽፈሽ ትፈርሚበታለሽ። ከዚያ ዳግም እንዳይታተም እንጨቱን በመሮ ትጭሪዋለሽ።"

ደንቡን አውቀዋለሁ። ብርቅ ካልሆነ ማን ይፈልገዋል? መልስ ለመስጠት እስከ ሰኞ ጊዜ አለኝ።

የራሴ ኤግዚቢሽን... ዕድሜ ልኬን የተመኘሁት። ሐረጊቱንስ ምን እላታለሁ?

እሑድ፣ ኖቬምበር 9
ጌታው የሚባል የድሮ ጓደኛችን ትዝ ሲለኝ ዋለ። ጎንደር፣ በደርግ ጊዜ። ታስሮ ነበር። ይፈታ ብለን ግድግዳ ላይ ልንለጥፍ ፊቱን እንጨት ላይ ቀረጽኩ። ፍተሻ መጣ ሲሉ በገዛ እጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። አንድም ሳላትም። ከዚያ ሱዳን፣ ከሱዳን እዚህ እስራኤል። እሱ ከእስር አልወጣም። ፎቶው እንኳ የለኝም። አገጩ ይመጣልኛል፤ ዓይኑ እንቢ ይለኛል።

ያኔስ ወታደር ፈርቼ ነው። አሁን ማንን ፈርቼ ነው የምጭረው?

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10
ደወልኩ።
"አልጭርም።"
"ኤግዚቢሽኑ ይቀራል እኮ፣ የሻረግ።"
"ይቅር።"
ስልኩን ዘግቼ ትንሽ አለቀስኩ። ቆጭቶኛል፣ ለራሴ አልዋሽም። ከዚያ ተነስቼ ቀለሙን ከፈትኩ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 26
እንጨቱ ቤቴ የለም። ሐረጊቱ ጋ ነው፤ የጽዳት ጓደኞቿ ተራ ገብተው በየማንኪያቸው ያትማሉ። የሮቫ ዳሌት ደረጃ ሁሉ ተለጥፎ ሞላ፣ ሮቫ ቤት የሚባለውን ሌላውን ሰፈር ጀምረዋል። ካብላኑም እሑድ እንነጋገር ብሎ ጠርቷቸዋል። ያውም ራሱ ደውሎ!

ዛሬ ሐረጊቱ በእጇ ያተመችውን አመጣችልኝ። ጠርዙ ላይ ቀለሙ ፈሷል፤ እኔ ግን ወደድኩት።
"ቁጥር ጻፊበት" አልኳት ለቀልድ።
"ስንት ብዬ፣ እትዬ? ገና እያተምን እኮ ነው!"

ስትመጣ ሌላ የተጣለ በር ተሸክማልኝ ነበር። እሷን ሸኝቼ ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩትና መሮዬን ሳልኩ።

ከጌታው አገጭ ጀመርኩ።