ያልጠለቅሁበት ባሕር

አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ አልልህም፤ መልሱን የምትልክበት መንገድ የለህምና። ስለ እኛ ልንገርህ። ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እማዬ ደህና ናት። የጀሞው አራተኛ ፎቅ ጉልበቷን ያማርራታል እንጂ ሌላ የከፋ ነገር የለባትም። ካፖርትህን አቦ ደጅ ላሉ ነዳያን ከሰጠች በኋላ ግን ተጸጽታ ስታኮርፍ ሰነበተች፤ ማንን እንዳኮረፈች እሷም አታውቅም። ውኃ አሁንም በተራ ነው። ቧንቧ ሲበላሽብን እኛም እንደ ሰው ሁሉ ደውለን ሠራተኛ እንጠራለን።

ልጽፍልህ የተነሣሁት ግን ለሌላ ነው። ጅቡቲ ሄጄ ነበር።

ልጅ ሆኜ አስሜ ሲነሣብኝ መስኮት አጠገብ ታስቀምጠኝና፣ ጀርባዬን እያሻሸህ ስለ ምጽዋ ታወራልኝ ነበር። በባሕር ኃይል ጠላቂ ዋናተኛ ሳለህ ከመርከቦቹ ሆድ ሥር ገብተህ ስትሠራ፣ ዓሣዎቹ እንደ ጎረቤት ልጆች ተሰብስበው እንዴት እንደሚያዩህ። እኔም ትንፋሼን ረስቼ ዓሣዎቹን እቆጥር ነበር። ባሕር ኃይል ሲፈርስ አዲስ አበባ ገባህ፤ የቀረውን ዕድሜህን በላፍቶና በመካኒሳ የሰው ቤት ቧንቧ ስትጠግን ኖርክ። ባሕሩን ዳግመኛ ሳታየው ሞትክ። በአንተ ፈንታ እኔ ልየው ብዬ ነው የተነሣሁት።

ታናሼን ዮናስን ይዤው ሄድኩ። እማዬ እስከ ዛሬ «የመርከበኛ ልጅ እንዴት ዮናስ ይባላል?» እያለች ትወቅስሃለች። ከለቡ ባቡር ተሳፈርን። እሱ አዳማ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰደው፤ እኔ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ባሕሩ የቀረበ እየመሰለኝ በመስኮት አንገቴን አስግጌ ዋልኩ።

ጠላቂዎችን የሚያሠለጥነው ድሬዳዋ ያደገ የጅቡቲ ሰው ነው፤ አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል። ጀልባው ላይ እንደወጣን ስለ ጤናችን ጠየቀን። ልብ? ጆሮ? ሳንባ? ዮናስ ዞሮ አየኝ። ምንም የለብኝም ብል ማን ያውቅብኛል? አንደበቴ ግን እምቢ አለኝ።

«አስም አለብኝ» አልኩት።

«በቅርቡ ተነሥቶብሻል?»

«ባለፈው ወር።»

«እህቴ፣ እንግዲህ አላወርድሽም» አለ። አልተቆጣም። ከታች ሆኜ ደረቴ ቢዘጋ፣ የሳብኩት አየር መውጫ አጥቶ ወደ ላይ ስመጣ እያበጠ ሳንባዬን ሊቀደው እንደሚችል በሁለት እጁ እያሳየ አስረዳኝ። ለመንኩት። አባቴ ጠላቂ ነበር አልኩት፤ ያንተ ሙያ የእኔን ሳንባ የሚያድነው ይመስል።

«ነፍሱን ይማር» አለኝ። «እሱ ቢሆን ያወርድሽ ነበር?»

አባዬ፣ መልሱን አንተም እኔም እናውቀዋለን።

በዚህ ዕድሜዬ በማላውቀው ሰው ፊት አለቀስኩ። ዮናስ የመጥለቂያ ልብሱን ማውለቅ ጀመረ። «አንቺ ካልወረድሽ እኔ ምን ልሠራ?» አለ። ስለ ባሕሩ ጠይቆህ የማያውቅ፣ አንተ ስታወራ ኳስ ያይ የነበረ ልጅ! ቀናሁበት፤ ምን እደብቅሃለሁ። ሆኖም «ሂድ» አልኩት። «ሂድና ሁሉን አይተህ ንገረኝ። አንድም ነገር እንዳታስቀርብኝ።»

ወረደ። እኔ ጀልባው ላይ ቀረሁ።

ከላይ የሚታየው የትንፋሹ አረፋ ብቻ ነው። መጀመሪያ በንዴት ነበር የማየው። ትንሽ ራቅ ሲል ግን ዓይኔን ከአረፋው ላይ መንቀል አልቻልኩም። አረፋው ሲጠፋ እቆማለሁ፤ ሲታይ እቀመጣለሁ። የጀልባው ነጂ ውኃ ሰጥቶኝ እንደያዝኩት ቀረሁ። ቁጭቴ የት እንደገባ እንጃ፤ ጸሎቴ ሁሉ «ልጁን አውጣልኝ» ብቻ ሆነ። ብቅ ብሎ ጭንብሉን ሲያወልቅ ሳቁ ቁርጥ ያንተን ነው። «ወይኔ እህቴ! ወይኔ!» ይላል፤ ሌላ ቃል ጠፋው።

ስንመለስ ባቡሩ ላይ ቃሉን ጠበቀ። ኤሊውን፣ ቢጫዎቹን ዓሣዎች፣ እንደ ቁጥቋጦ የበቀለውን ድንጋይ አንድ በአንድ ነገረኝ። የባሕሩ ጸጥታ ላይ ሲደርስ ወደ መስኮቱ ዞረ። «የራሴን ትንፋሽ ብቻ ስሰማ አባባ አጠገቤ ያለ መሰለኝ» አለኝ። ቀብርህ ላይ እንባ ያልወጣው ልጅ እዚያ ሰው መሀል ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ ጭንቅላቱን ይዤው ተቀመጥኩ።

ቤት ገብተን ስለ አረፋው ለእማዬ ስነግራት ሳቀች። ከዚያ ሰምተነው የማናውቀውን አወራችልን። አዲስ ሙሽራ ሳለች ምጽዋ ወደቡ ዳር ቆማ ያንተን አረፋ ስትጠብቅ ትውል ነበር አሉ። ጓደኞችህ ይስቁባት ነበር። አንተም ብቅ ስትል ከሁሉ አስቀድመህ እሷ የቆመችበትን ትፈልግ ነበር።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽንም?» አልናት።

«ማን ጠየቀኝ? እናንተ የምትጠይቁት ስለ ባሕሩ ታች ነው።»

አባዬ፣ ያንተን ባሕር ከታች አላየሁትም፤ ወደፊትም አላየው ይሆናል። አሁንም ያንገበግበኛል። አሁን ግን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማዬን ስለዚያ ጊዜ እጠይቃታለሁ፤ እሷም በየጊዜው አዲስ ነገር ታስታውሳለች። ባለፈው ስለ ጫማህ ነገረችኝ። ወደ ውኃው ስትወርድ ጫማህን እሷ ትቀበልህ ነበር። ስትወጣ እግርህን እንዳያቃጥለው፣ የምጽዋ ፀሐይ አናቷን እየበሳት፣ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ጫማህን ታለብስልህ ነበር። ይህን ለዮናስ ልጆች እነግራቸዋለሁ። እማዬ መናገር ቢደክማት እኔ እናገረዋለሁ። አንድ ቀን ማንም ስለ አንተ ባይጠይቀኝ እንኳ፣ ሳልጠየቅ እናገረዋለሁ።

ልጅህ ማርታ