ጉቴ ላይ የተሰቀለው ፊትህ

ወንድም ጋሼ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። እስካሁን ያልጻፍኩልህ የምነግርህ አጥቼ አይደለም፤ በቁጣ መጀመር ስላልፈለግኩ ነው። አሁን ቁጣው በርዶልኝ መጸየፉ ብቻ ቀረኝ። እሱን ለብቻዬ ይዤው መኖር ስላቃተኝ ላንተ ልንገርህ ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የቤቱን ስማ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። አጥሩን በብሎኬት አሠራነው። የበረንዳው ቆርቆሮ ግን አሁንም ያፈስሳል፤ አንተ መጥተህ ትጠግነዋለህ ያልን ይመስል ማንም አልነካውም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። እንግሊዝኛን ሜጀር፣ ጀርመንኛን ማይነር አድርጌ ነው የምማረው። ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

አንተ ጀርመንኛን ሜጀር ያደረግክ ጊዜ ዘመድ ሁሉ “ምን ሊበላበት ነው?” አለ። ሁለተኛ ዓመት ስትደርስ ደግሞ ያው ዘመድ “መቼ ነው የምትሄደው?” ማለት ጀመረ። ይህን ጥያቄ እንዴት እንደምትጠላው ትዝ ይለኛል። “የሚሄድ ሰው ቲኬት ይቆርጣል እንጂ አራት ዓመት ሰዋስው አይማርም” ብለህ አክስታችንን ያስኮረፍካት እለት ከእማዬ ጋር ጓዳ ገብተን ሳቅን። ለእረፍት ስትመጣ እራት ላይ ማንኪያ ወንድ፣ ሹካ ሴት፣ ቢላዋ ደግሞ ወንድም ሴትም እንዳልሆነ ታስረዳን ነበር። እማዬ “ይህን ማን አገላብጦ አየው?” ብላ ስትጠይቅህ ያነቀህ ምግብ በውሃ ነው የወረደው። ተመርቀህ መጥተህ እዚሁ ነቀምቴ ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ስታስተምር፣ ከሰዓት በኋላ ለፈለገ ሁሉ ጀርመንኛ ስታስተምር፣ አንድም ቀን ቅር ሲልህ አላየሁም። ቋንቋውን የወደድከው ለቋንቋው ብለህ ነበር። ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ባለፈው ወር ለእረፍት ከአዲስ አበባ ስመጣ አውቶብሱ ጉቴ ላይ ቆመ። ሰዎች በቆሎ ሊገዙ ሲወርዱ እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ፤ አንተን አየሁህ። ከአንድ ሱቅ በላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። የምርቃት ፎቶህ ነው። ከኋላህ የማላውቀው ወንዝና ድልድይ አድርገውበታል። ከሥሩ “ከእኛ ጋር ተምሮ ዛሬ ጀርመን የሚሠራው ወጣት! እርስዎስ?” ይላል። ከዚያ በታች እዚህ ነቀምቴ የተከፈተ የቋንቋ ማሠልጠኛ አድራሻና የባለቤቱ፣ የአክስታችን ልጅ የደረጀ ስልክ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ “ምነው ልጄ፣ አመመሽ?” አሉኝ። ደረጀ እኮ ሬሳህን ከተሸከሙት አንዱ ነው። በዚያው ትከሻው አንተን ተሸክሞ ቀብሮ፣ በዚያው ትከሻው ባነር ተሸክሞ ሰቀለህ። በኋላ እንደሰማሁት ባነሩን ጉቴም ቢላ ከተማም ሰቅሎታል። ነቀምቴ ላይ ግን አልሰቀለም፤ እዚህ ቀብርህ ላይ የቆመ ሰው ብዙ ነዋ!

በማግስቱ ወደ ማሠልጠኛው ሄጄ ክፍል ገብቼ ተቀመጥኩ። አንድ ክፍል ሙሉ ሴት ልጆች፣ ከየወረዳው የመጡ፣ አስተማሪው የሚላቸውን ተከትለው በዜማ ይጮኻሉ። ሁሉም በአንድ ድምፅ በጀርመንኛ “አባቴ ገበሬ ነው፣ ሦስት ወንድሞች አሉኝ” ይላሉ። አባቷ ሹፌር የሆነችዋም፣ ወንድም የሌላትም እንደዚያው። ለቪዛ ቃለ መጠይቅ የሚሸመደድ ነው አሉኝ። አስተማሪው እናትን በወንድ ጾታ እየጠራ ያስጮሃቸዋል፤ ምን እያሉ እንደሆነ የገባት አንዲትም አላየሁም። አንተ በፍቅር ስትናገረው የሰማሁትን ቋንቋ እንዲህ ሆኖ ስሰማው፣ ማዕድህ ላይ ሰው የተፋበት ያህል ቀፈፈኝ።

ተነሥቼ “ባነሩ ላይ ያለው ወንድሜ ነው። እዚህ አልተማረም። ጀርመንም ሄዶ አያውቅም። ሞቷል” አልኳቸው።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ከዚያ አንዲቱ ከኋላ “ቀንታ ነው” አለች። ሌላዋ ሳቀች። አስተማሪው ምንም እንዳልተፈጠረ “አባቴ ገበሬ ነው” ብሎ ቀጠለ፤ እነሱም ተከተሉት።

ደረጀ ክንዴን ይዞ ወደ ኮሪደሩ አወጣኝ። “ምን አጠፋሁ? ሞቶ ከሚረሳ እንደ ጀግና ቢታይ አይሻልም? ሕልሙ እኮ ነበር” አለኝ። ሕልሙ! የተቀባው ሽቶ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። “ፎቶውን ከየት አመጣኸው?” ስለው ፈገግ አለ። “እናትሽን ጠይቂያት” አለኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ካንተ ብደብቀው ደስ ይለኝ ነበር። ፎቶውን የሰጠችው እማዬ ናት። ለምን እንደፈለገው ነግሯታል፤ አውቃ ነው የሰጠችው። ስጠይቃት ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና ሳትል መለሰችልኝ። “ጉቴ ገበያ ስሄድ ቆሜ አየዋለሁ። የማያውቀኝ ሰው አጠገቤ ቆሞ ‘ይሄ ልጅ ጀርመን ነው ያለው’ ይላል። እኔም ‘አዎ፣ እዚያ ነው’ እላለሁ። ምን ጎዳሽ?”

እውነቱን ልንገርህ፣ ያን እለት እሷንም ተጸየፍኳት። ያቀረበችልኝን እራት መብላት አቃተኝ። በአንድ ቤት ውስጥ ሳንነጋገር ሰነበትን።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በር ተንኳኳ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሶሬቲ የምትባል ልጅ ናት፤ ከቢላ የመጣች፣ የማሠልጠኛው ተማሪ፤ ስምህንና ቤታችንን እዚያው ጠይቃ ነው። በእጇ ማር ይዛለች። እኔን ያን ቀን ክፍል ውስጥ አላየችኝም፤ ቀርታ ነበር። “ሀዳ አለልኝን ፈልጌ ነው” አለች፤ የአለልኝን፣ ያንተን እናት ማለቷ ነው። እማዬ አስገብታ አስቀመጠቻት። ልጅቷ በኦሮምኛና በአማርኛ እየቀላቀለች፣ አንገቷን ደፍታ ተናገረች፦ “አዴ፣ እናቴ፣ የልጅዎን ስልክ ቢሰጡኝ ብዬ ነው። እዚያ ስደርስ ማንም የለኝም። አባቴ በሬውን ሸጦ ነው የላከኝ። እንደ ወንድም ሆኖ ቢቀበለኝ…”

እማዬ ልጅቷን ብዙ አየቻት። እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ ምን ልትል ነው እያልኩ ነበር። እማዬ እጇን ዘርግታ የልጅቷን እጅ ያዘች። “ልጄ፣ አለልኝ ሞቷል” አለች። “ዱኤራ” ብላ በኦሮምኛም ደገመችላት፤ ያልገባት እንዳይቀር። ከቀበርንህ ጀምሮ እማዬ ያቺን ቃል ስትል ያን ቀን ነው የሰማኋት። እስከዚያ ድረስ “ያኔ” ትል ነበር፤ “ልጄ ያኔ” ብቻ። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። ልጅቷ ለራሷ፣ እማዬ ላንተ።

ሲበቃት ነጠላዋን አንሥታ “ተነሡ” አለችን። ሦስታችንም በሚኒባስ ጉቴ ሄድን። ባለሱቁ “ደረጀ ሳይፈቅድ አላወርድም” ሲል፣ በዚያ በታመመ ጉልበቷ የብረት ወንበር ላይ ልትወጣ ጀመረች። “የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ከማን ነው የማስፈቅደው?” አለችው። ሰው ተሰበሰበ። ባለሱቁ አፍሮ ራሱ ወጥቶ ገመዱን ፈታው። እማዬ ባነሩን ፊትህን ወደ ውስጥ አድርጋ አጠፈችው። ቤት ስንደርስ ጓሮ አቃጠልነው፤ ፕላስቲኩ እስኪያልቅ ድረስ ከሽታው ፈቀቅ አላለችም። የቢላውን ሶሬቲና አባቷ አወረዱት።

በዚህ አበቃ ብልህ በወደድኩ። በሳምንቱ ደረጀ እዚያው ጉቴ፣ እዚያው ሱቅ ላይ የሌላ ወጣት ፊት ሰቀለ። ድልድዩ ያው ነው፤ ጽሑፉም ያው። ይህኛውን የማን እናት እንደምታየው አላውቅም። ክፍሉ አሁንም ሙሉ ነው። በማሠልጠኛው ግንብ አጠገብ ሳልፍ ያ ዜማ ይሰማኛል፤ እርምጃዬን እያፈጠንኩ አልፋለሁ። ሶሬቲ አቋርጣለች። ማክሰኞና ሐሙስ እኛ ቤት እየመጣች አስተምራታለሁ። አባቷ ምን እንደሚሠራ በራሷ ቃል ለመናገር ሁለት ሳምንት ፈጀባት፤ ስትችለው ደስታዋን ብታየው!

ከእማዬ ጋርም ታርቀናል። ትናንት ጉቴ ገበያ አብረን ሄደን፣ አንዲት ቅቤ ሻጭ “ሀዳ አለልኝ፣ ልጅሽ እንዴት ነው፣ ጀርመን ተስማማው?” አለቻት። እማዬ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። “የለም እህቴ፣ የትም አልሄደም። አስተማሪ ነበር፤ እዚሁ ነው የተቀበረው” አለቻት።

እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ እንደዚያው እላለሁ፣ ወንድም ጋሼ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ማንም ያልነበርክበት ቦታ እንዲያስቀምጥህ አልፈቅድም።

እህትህ ትርንጎ
ነቀምቴ