የካሴቱን ጀርባ ማን ይስማልህ?

ለታናሽ ወንድሜ፣

ከሁሉ በፊት እንደምን ከርመሃል? እማዬስ እንዴት ናት፤ ጉልበቷ ደረጃውን መውጣት ቻለ ወይስ አሁንም ምድር ቤት ነው የምትውለው? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጅህስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም ሰላም ነው ወይ? እኔ ለክፉ አልሰጥም። ሳሉ ለቆኛል፣ ሥራም አለ። እንግዲህ ጤናውን ተጠያየቅን፤ ከዚህ በታች ያለውን ግን ቁጭ ብለህ አንብበው፤ በንዴት ነው የምጽፍልህ። ደውዬልህ ነበር፣ አታነሳም። ሳይሻልህ አልቀረም፤ በስልክ ባገኝህ ኖሮ ከዚህ የባሰ ትሰማ ነበር።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። ጊታርህን ለአንድ የሆቴል ሙዚቀኛ ልትሸጥ እንደተስማማህ፣ ሰውዬው በወሩ መጨረሻ ቤት ድረስ መጥቶ እንደሚወስደው፣ ምክንያቱም እኔ እንደሆንኩ ጽፈሃል። «ካንተ አፍ ይህ ከወጣ በኋላ ምን እጠብቃለሁ? ሃያ ዓመት ራሴን ሳሞኝ ኖሬያለሁ» ብለሃል። ከሥር ደግሞ ባለቤትህ በራሷ እጅ ጨምራበታለች፦ «ጋሼ፣ ምን ብለውት ነው? ከሥራ ይመጣል፣ ይበላል፣ ግድግዳ ሲያይ ያመሻል። እባክዎ አንድ ነገር ይበሉት።» እሷን ስለማከብር አንድ ነገር ልልህ ነው። ደስ እንደማይልህ ግን ከወዲሁ እወቀው።

መጀመሪያ ነገር፣ ያደረግኸው ተንኮል ነው። ሌላ ስም የለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ በጠጋኙ ሱቅ ጓዳ እንደምንሰበሰብ ስንት ጊዜ ጽፌልሃለሁ። አራት ነን፤ ሬዲዮና አምፕሊፋየር የሚጠግነው እሱ ራሱ፣ ከማዶ ያለችው ፋርማሲስት፣ «ኮረንቲ» የምንለው የታክሲ ሹፌርና እኔ። በየተራችን አንድ የብሉዝ ወይም የሮክ ሰው ይዘን እንመጣለን፤ ይህን ስሙ ብለን ለወዳጆቻችን እንመክራለን። የሙዚቀኛው ስም ግን ተሰምቶ እስኪያልቅ አይነገርም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ስም ሲጠራ ሰው ጆሮውን ትቶ የሚናገረውን ማዘጋጀት ይጀምራል። የበቃው ሰው የሻይ ብርጭቆውን ይገለብጣል። ሦስት ብርጭቆ ከተገለበጠ ቴፑ ይጠፋል። አንተ ይህን ሁሉ ስለምታውቅ ከጀርባዬ ለጠጋኙ ካሴት ላክህ፤ «የማን እንደሆነ ለማንም እንዳትናገር፣ በተለይ ለሱ» ብለህም አስማልኸው። ወንድምህን በገዛ ደንቡ አጠመድኸው።

የዚያን ቅዳሜ ተራው የጠጋኙ ነበር። ካሴቱን ከትቶ ከኔ ራቅ ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ደንበኛ የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር። ዘፈኑ ገና ከመግቢያው «ይሄ ሰውዬ እኮ መጋዝን ነው የሚኮርጀው» አልኩ። መጋዝ ማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። የአባባ ሸክላዎች ሽፋን አልነበራቸውም፣ መሃላቸው ላይ ያለውንም ጽሑፍ ማንበብ አንችልም ነበር፤ እኔና አንተ ለዘፋኞቹ በድምፃቸው ስም አወጣንላቸው። ጊታሩ እንጨት የሚሰነጥቀውን ሰውዬ መጋዝ አልነው። ዛሬ እዚህ ባሕር ማዶ ያሉት ሰዎች፣ ፋርማሲስቷ ሳትቀር፣ ሁሉንም በኛ ስም ነው የሚጠሯቸው።

ጠጋኙ ያልኩትን ቃል በቃል ጽፎልሃል፤ ልድገምልህ። «እጁ ይሮጣል፣ የሚደርስበት ቦታ ግን የለም። ሰው ቤት ገብቶ የሰውዬውን ኮት ለብሶ መስታወት ፊት የሚሽከረከር ይመስላል» ነው ያልኩት። ኮረንቲ «ኧረ ኢንጂነር፣ ትንሽ ይታገሡት፤ ከበሮ መቺ እንኳ የለውም ምስኪኑ» አለ። ፋርማሲስቷ ደግሞ «ይሄስ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ ነው፤ ያስተኛል እንጂ አያድንም» አለች። ተሳቀ። ብርጭቆዬን ገለበጥኩ፤ እሷ ተከተለች፤ ኮረንቲም ጠጋኙን አየት አድርጎ ገለበጠ። ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ ካሴቱ ወጣ። ያ ጅል ጠጋኝ ይህን ሁሉ፣ ሳቁን ጭምር፣ እንደ ፖሊስ ጣቢያ ቃል መዝግቦ ላከልህ።

አሁን በደንብ ስማኝ። ያልኩትን አልመልስም። ሥራዬ የሕንፃ ስንጥቅ መመርመር ነው፤ የወንድሜ ቤት ስለሆነ ብዬ የተሰነጠቀ ግድግዳ ደህና ነው ብዬ አልፈርምም። እነዚያ ሁለት ዘፈኖች መጥፎ ናቸው። ሁለተኛው ላይ ድምፅህን ሆን ብለህ ታሻክረዋለህ፤ ያልጠጣ ሰው ሰክሬያለሁ ብሎ ሲንገዳገድ ያስታውቃል። መሃል ላይ ያለችው የጊታር ሩጫ ከመጋዝ ሦስተኛ ሸክላ አንድ ባንድ የተገለበጠች ናት፤ የሱን ስሕተት እንኳ አልተውህለትም። ይህን ለእማዬ ጎረቤቶች ብትጫወትላቸው ያጨበጭቡልህ ይሆናል። እኔ ግን አላጨበጭብም።

ደብዳቤህን ያነበብኩ ዕለት ሌሊቱን አደርኩበትና ረቡዕ ከሥራ ወጥቼ ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። ልጣላው ነበር የሄድኩት። የሬዲዮ ሆድ ዘርግፎ እየበየደ አገኘሁት። በደንበኞች ፊት ጮህኩበት፣ «የወንድሜን ዘፈን አምጥተህ በኔ አፍ ታሰድባለህ?» አልኩት። ቀና ሳይል «ስም አይነገርም ያልከው አንተ አይደለህም?» አለኝ። የባሰ ተናደድኩ። ልወጣ ስል «ለመሆኑ ጀርባውን ሰምተኸዋል?» አለ። ማን ሰማው! ፊቱ ሳያልቅ ብርጭቆ ስንገለብጥ ካሴቱን ማን ያዞረዋል? ደንበኞቹን አስወጣ፣ በሩን ዘጋ፣ አዞረው።

መጀመሪያ የሰማሁት ማሽን ነው፤ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ቀኑን ሙሉ አብረኸው የምትውለው ያ ትልቁ ማሽን። እርጥቡ አንሶላ ባንድ በኩል ይከማችና ዱብ ይላል፣ ይዞራል፣ እንደገና ዱብ ይላል። አንዱ ዱብታ ካንዱ ትንሽ ይዘገያል። አንተም በጊታርህ ትጠብቀዋለህ። በዕድሜህ አውቶቡስ እንኳ ጠብቀህ የማታውቅ ሰው፣ ማጠቢያ ማሽን ጠበቅህ! ከዚያ ትዘፍናለህ። አትጮህም፣ አታሻክርም፤ ከባለቤትህ ጋር ስታወራ ባለህ ድምፅ ነው። አንሶላው ላይ ማን ተኝቶበት እንደነበር አታውቅም፤ ድኖ ይነሣ፣ ሳይነሣ ይቅር አታውቅም፤ አንሶላው አይነግርህም፤ አንተ ታጥባለህ። ይኸው ነው ዘፈኑ። መሃል ላይ ማሽኑ ፍጥነት ሲለውጥ ጣትህ ይስታል፤ ልታርመው አትሞክርም፣ እንደሳትህ ትቀጥላለህ። ጠጋኙ የሚበይድበትን ብረት ጠረጴዛው ላይ እንዳስደገፈ ቆሞ ቀረ። ጠረጴዛው መጨስ ሲጀምር ነው የነቃነው።

ሲያልቅ «ይህን ለምን ከኋላ ቀበረው?» አልኩት። «ቦታ ስለተረፈኝ ነው የጨመርኩት ብሎ ጽፎልኛል» አለኝ።

ቦታ ስለተረፈህ! ይኸውልህ፣ ያናደደኝ ተንኮልህ አይደለም፤ እሱን እችለዋለሁ። ያናደደኝ ከሠራኸው ውስጥ የትኛው ጥሩ እንደሆነ አለማወቅህ ነው። በዚያ ረጅም ደብዳቤህ ስለ ጀርባው አንዲት ቃል የለችም። ሰው የተሰደበበትን ያለቅሳል፤ የሠራውን ግን እንዴት አያይም? ይህ የጆሮ ችግር ነው። ጆሮህን ያበላሹብህ ደግሞ እነዚያ የሙዚቃ ቤቱ ጓደኞችህ ናቸው። የሚሉትን በየደብዳቤህ አንብቤያለሁ፤ ፈጣኑ ጊታሪስት ማን ነው፣ በአንድ እስትንፋስ ስንት ኖታ ይመታል እያሉ የሚነታረኩትን። የመኪና ውድድር መሰላቸው እንዴ? በል እነሱን ተዋቸውና እኔ የምመክርህን ስማ። ሸክላዎቹ እናንተ ጋ ናቸው፤ ከቁም ሣጥኑ ሥር አውጣቸው።

መጋዝን ለጊዜው አትስማው። ታላቅ ሰው ነው፤ ጣጣውም ታላቅነቱ ነው፤ አጠገቡ የቆመ ሁሉ እሱን መስሎ ይቀራል። በሱ ፋንታ ባልቴቷን ስማት። እያወራች የምትዘፍነዋን፣ ፒያኖው ገብቶ እሷ የማትገባዋን። መጣች ብለህ ስትዘጋጅ እሷ ገና ጫማዋን እያሰረች ነው። አንዲት ቃል ትልና ዝም ትላለች፤ ዝምታዋን የሚያክል የጊታር ሩጫ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ልጅ ሳለን «ሸክላው ተበላሸ» ብለህ መርፌውን ያነሳህባት እሷ ናት። አሁን አታንሳባት። ባልቴቷን በደንብ ሳትጠግብ ሌላ ሰው አትጀምር፤ አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን መቀላወጥ ድሮም አመልህ ነው።

ከሷ ቀጥሎ ዘበኛው። በእግሩ ወለሉን እየደበደበ፣ አንዲት ኮርድ ይዞ ሙሉ ሸክላ የሚጨርሰው። አባባ «ይሄ ሰውዬ ሌባ አይቷል» እያለ ይስቅበት አልነበር? ውጭ ውሻ ሲጮህ ይሰማል፤ ውሻውን አላስወጡትም፣ ዘፈኑ ውስጥ ቀረ። አንተም ማሽኑን አላስወጣኸውም። ሳታውቀው የሱ ልጅ ነህ፤ ቁጭ ብለህ አባትህን አዳምጥ።

ሮክ ጩኸት ነው ብለህ እንዳትሸሽ ደግሞ ሦስቱን ወንድማማቾች እጨምርልሃለሁ። ዘፋኙን እርሳው፣ ከንቱ ሰው ነው፤ ሱሪው ነው የሚዘፍነው። ከበሮ መቺውን ብቻ ተከተል። ሁለቱ ወንድሞቹ ሲያብዱ እሱ አያብድም፤ ጎማ እንደሚቀይር ሰው አጎንብሶ ሥራውን ይሠራል። እሱ ባይኖር ሁለቱ ገደል ይገቡ ነበር። ኮረንቲ ይህን ስነግረው «ኢንጂነር፣ እርስዎ ሮክ ውስጥም የሚፈልጉት ምሰሶ ነው» አለኝ። አዎ፣ ምሰሶ ነው የምፈልገው፤ ምን ነውር አለው?

አሁን ወደ ጊታሩ። አትሽጥ ብዬ አልለምንህም። አርባ ዓመት ያለፈህ፣ ልጅ ያደረስህ ሰው ነህ፤ ዕቃው ያንተ ነው። ከሰለቸህ «ሰለቸኝ» በልና ሽጥ፤ ጣትህን ካመመህ «አመመኝ» በልና ሽጥ። በኔ ስም ግን አትሽጠው። እኔ የፈረድኩት በካሴቱ ፊት ነው፤ በጀርባው አልፈረድኩም። የሆቴሉ ሰውዬ በርህን ከማንኳኳቱ በፊት ያንን የማጠቢያ ቤት ዘፈን ለእማዬና ለባለቤትህ አሰማቸው። አሰምቻቸዋለሁ እንዳትለኝ፤ አውቅሃለሁ። አጠገብህ ያሉትን ፈርተህ ባሕር ማዶ ያለ ጠጋኝ ዘንድ የምትልክ ፈሪ ነህ። እነሱ ሰምተው «አስረክበው» ካሉህ፣ አስረክበው። እኔም አፌን እዘጋለሁ።

ካሴቱን ከጠጋኙ ተቀብዬ እኔ ጋ አድርጌዋለሁ። በሚመጣው ወር ተራው የኔ ነው፤ ጀርባውን ይዤ ልገባ አስቤ ነበር፤ እስካሁን ግን አልወሰንኩም። የኮረንቲን አመል ልንገርህ። አንድ ሰው ሲመከርለት ወደደውም ጠላውም፣ ዘፈኑ ሲያልቅ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ሌላስ ምን አለው?» ጊታሩን ለሆቴል የሰጠ ሰው መክሬለት ይህን ሲጠይቀኝ ምን ልበለው? ጻፍልኝና የምለውን ንገረኝ።

እማዬን ጉልበትሽን ስሜያለሁ ይላል በላት፤ ዱላዋን በር ላይ ረስታ እየወጣች እንዳታስቸግር። ባለቤትህን አመስግንልኝ፤ እንዳለችኝ አንድ ነገር ብዬሃለሁ፤ አንድ ብቻ ባለመሆኑ ትታገሠኝ። ልጅህን ሳምልኝ፤ የአጎቷ ቁጣ አባቷን እንጂ እሷን እንደማይመለከት ንገራት። ምድር ቤት ለሚኖሩት ሽማግሌም ሰላምታዬ ይድረስ፤ ጩኸትህን ስንት ዓመት የታገሡልህ እሳቸው ናቸው።

ታላቅ ወንድምህ

ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካለው ቤቴ
ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን